ኩሬውን ሳያዩ እንቁራሪትን ማዳን፣ በርሜሉን ሳያዩ ወባን መከላከል

በመስከረም 2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባሌ ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ነው። ሀረና ጫካ ውስጥ ግን፣ ከቀዝቃዛ ጅረቶች ዳር፣ ከሦስት ሳንቲሜትር እምብዛም የማትበልጥ እንቁራሪት ትኖራለች። ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለችም። እሷን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ምዝገባው በተሰማ በወሩ፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ጥናቱ እንቁራሪት አስተኔ የሚባሉትን፣ ማለትም እንቁራሪትን፣ ጓጉንቸርን፣ ሳላማንደርንና ዘመዶቻቸውን ይመለከታል። ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ተገምግመዋል። ከ100 ዝርያ 41 ያህሉ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ከአጥቢዎችም ከአእዋፍም የባሰ ነው።

ለምን እነሱ? ደን መመንጠሩ አለ፣ በሽታው አለ፣ የአየር ንብረት ለውጡ አለ። እነዚህ ግን ሌሎቹንም እንስሳት ያገኟቸዋል። እንቁራሪትን ለየት የሚያደርጋት ሁለት ኑሮ ያላት መሆኗ ነው። የመጀመሪያውን በውሃ፣ ሁለተኛውን በየብስ ትኖራለች። ሁለት ቤት ያስፈልጋታል። አንዱ ቤት ከፈረሰ ሌላው ቢኖርም አይጠቅማትም። እኛ ደግሞ አዘውትረን የምናየውና የምንቆጥረው ሁለተኛውን ኑሮዋን ብቻ ነው።

ይህ ነገር የእንቁራሪት ብቻ ጉዳይ አይደለም። የወባ ትንኝም፣ ተምችም በዚሁ ሕግ ይኖራሉ። አንዱን ለማዳን፣ ሌላውን ለመከላከል ስንነሳ የምንሳሳተው እዚሁ ቦታ ላይ ይመስለኛል። የአዋቂውን ኑሮ እናውቃለን፤ የእጩን፣ ማለትም ከእንቁላል ወጥቶ ገና ያልተለወጠውን ልጅ፣ ኑሮ ግን ብዙም አናውቅም።

እጩ ሌላ እንስሳ ነው

ጥጃ ትንሽ ላም ነው። የእንቁራሪት እጭ ግን ትንሽ እንቁራሪት አይደለም። ክረምት ላይ ረጋ ያለ ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። ክብ ጭንቅላት አለው፤ ከዚያ ቀጥሎ ጭራ ነው። እግር የለውም። የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በውሃ ውስጥ በሚያስተነፍስ አካል፣ በስንጥብ ነው። አፉን በማጉያ መነጽር ብታዩት ከንፈሩ ላይ ረድፍ ረድፍ ሆነው የተተከሉ ጥቃቅን ጥርስ መሳይ ነገሮች አሉት። በእነዚህ ከድንጋይና ከቅጠል ላይ አልጌ እየፋቀ ይበላል። ሆዱ ላይ ቆዳው ስስ ስለሆነ አንጀቱ ተጠምጥሞ ከውጭ ይታያል። አንጀቱ የረዘመው በምክንያት ነው፤ አትክልት ነገር ለመፈጨት ጊዜ ይፈልጋል።

ለውጡ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው የኋላ እግር ነው። ከጭራው ሥር ትንሽ እብጠት ሆኖ ይወጣና ቀስ እያለ ጣት ያወጣል። የፊት እግሮቹ በዚህ ጊዜ ዝግጁ ናቸው፤ ግን ስንጥቡን በሸፈነው ቆዳ ሥር ስለተደበቁ አይታዩም። ቀናቸው ሲደርስ ቆዳውን ቀደው ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናት እጅግ ፈጣን ናቸው።

የሚፍቀው ከንፈር ይረግፋል። መንጋጋው ይሰፋና አፉ እስከ ዓይኑ ኋላ ይደርሳል። ምላስ ይወጣል። አንጀቱ ይኮማተራል፤ በቤተ ሙከራ በብዛት በሚጠናው አፍሪካዊ እንቁራሪት ላይ የሚያጥረው ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። አትክልት በሊታው ሥጋ በሊታ ሊሆን ነውና። ስንጥቡ ይጠፋል፣ ሥራው ለሳንባ ይተላለፋል። ደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በሌላ ዓይነት ይተካል። ጉበቱም ሥራ ይቀይራል። በውሃ ሳለ ቆሻሻውን በአሞኒያ መልክ ያስወግድ ነበር፤ በየብስ ላይ አሞኒያ መርዝ ስለሚሆንበት ወደ ዩሪያ መለወጥ ይጀምራል።

በነዚህ ቀናት እንስሳው አይበላም። ቢፈልግም አይችልም፤ የድሮው አፍ ፈርሷል፣ አዲሱ ገና ነው። ታዲያ በምን ይኖራል? በጭራው። ጭራው ተቆርጦ አይወድቅም፤ ከውስጥ ይፈርስና ለሰውነቱ ምግብ ይሆናል። በ1962 ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የጭራ መፍረስ ሲያጠኑ ኮላጅንን የሚሰብር ኢንዛይም አገኙ። ኮላጅን ቆዳችንንና ጅማታችንን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። የዚህ ኢንዛይም ዘመዶች በሰውም ላይ ተገኙ። ቁስል ሲድን ይሠራሉ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ አሉበት፣ ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛመትም እጃቸው አለበት። ይህ ሁሉ የሕክምና ዕውቀት መንገዱ የተጠረገው በእንቁራሪት ጭራ ነው። እኔን ሁሌ ይደንቀኛል።

አራት እግርና ግማሽ ጭራ ያለው እንስሳ በደንብ አይዋኝም፣ በደንብም አይዘልም። እባብና ወፍ በቀላሉ ያገኙታል። ለዚህ ነው ተፈጥሮ ይህን ደረጃ ያቻኮለችው። ለወራት በእጭነት የቆየው እንኳ የመጨረሻውን ለውጥ በጥቂት ቀናት ነው የሚጨርሰው።

የእንቅርት ዕጢ ሥራ

ይህን ሁሉ ማን ያዛል? መልሱ የመጣው በ1912 ነው። ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ የእንቁራሪት እጮችን የተለያየ የእንስሳ ዕጢ ያበላቸው ነበር። የፈረስ ታይሮይድ ያበላቸው ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። እጮቹ ማደጋቸውን አቁመው ያለጊዜያቸው መለወጥ ጀመሩ። ከተለመደው እጅግ ያነሱ እንቁራሪቶች ሆኑ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቤኔት አለን የተባለ ሌላ ተመራማሪ በተቃራኒው ሞከረ፤ የእጮቹን ታይሮይድ አወጣው። እጮቹ አደጉ፣ ገዘፉ፣ ግን እንቁራሪት አልሆኑም።

ታይሮይድ እኛ የእንቅርት ዕጢ የምንለው ነው፤ አንገታችን ላይ ያለው። ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር አዮዲኑን ዝናብ ሲያጥበው ኖሯል። እንቅርት በደጋው የተለመደ የነበረውም ለዚህ ነው። ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። እንቅርት የመልክ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካነሳት የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የሕፃን አእምሮ በወጉ የሚያድገው በዚሁ ሆርሞን ነው። እጩን እግር የሚያስወጣው ሆርሞንና የሰው ልጅን አእምሮ የሚያሳድገው ሆርሞን አንድ ነው።

ይህ ዝምድና ዛሬ ተግባራዊ ጥቅም ላይ ውሏል። አንድ አዲስ ኬሚካል የታይሮይድን ሥራ ያውክ እንደሆን ለማወቅ ከሚሠሩ ዓለም አቀፍ ምርመራዎች አንዱ የሚካሄደው በእንቁራሪት እጭ ላይ ነው። መመሪያው በ2009 የጸደቀ ሲሆን ምርመራው 21 ቀን ይፈጃል። ኬሚካሉ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ እጮቹ ከዘገዩ ወይም ከፈጠኑ ነገሩ አጠራጣሪ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከእርሻ በታች ባለ ኩሬ ውስጥ ያሉ እጮች ሳይለወጡ ቢቀሩ የእንቁራሪት ችግር ብቻ ብለን ባናልፈው ጥሩ ነው። ያንን ውሃ ከብቱም ይጠጣዋል፣ ሰውም ይጠጣዋል።

ኩሬው ሲደርቅ

እጭ መቼ እንደሚለወጥ ቀኑ ተቆርጦ የተሰጠው አይደለም። አካባቢውን እያየ ይወስናል። በሰሜን አሜሪካ በረሃ፣ በሶኖራ፣ ከዝናብ በኋላ በሚጠራቀም ውሃ የሚፈለፈል ጓጉንቸር አለ። ውሃው ቶሎ ስለሚደርቅ ከእንቁላል ወደ ባለ እግር ለመድረስ ስምንት ቀን ያህል ሊበቃው ይችላል። በአንጻሩ ቡልፍሮግ የሚባለው ግዙፍ እንቁራሪት በቀዝቃዛ አካባቢ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ በእጭነት ይቆያል።

ውሃው መቀነስ ሲጀምር እጩ ይሰማዋል። አእምሮው የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል፣ እሱም ታይሮይድን ይቀሰቅሳል፣ ለውጡ ይፋጠናል። ሕይወቱ ይተርፋል። ዋጋው ግን አለ። ተጣድፎ የወጣ እንቁራሪት ትንሽ ነው፣ ስብ የለውም፣ ቶሎ ይሞታል፣ ከተረፈም እንቁላሉ ያንሳል። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ የሚሄድባቸው ዓመታት ሲደጋገሙ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ቀን ድንገት እንቁራሪቶቹ አልቀው አይገኙም። በየዓመቱ ትንንሾች እየሆኑ፣ እየሳሱ ይሄዳሉ።

ጨርሶ የማይለወጥም አለ። ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ባለው የሶቺሚልኮ ውሃ የሚኖረው አክሶሎትል የሳላማንደር ወገን ነው። ስንጥቡን እንዳንጠለጠለ ያረጃል፣ በእጭ መልኩ ይራባል። የታይሮይድ ሆርሞን ቢሰጠው ግን ተለውጦ ወደ የብስ ይወጣል። ውሃው አስተማማኝ በነበረበት ዘመን በውሃ መቅረቱ ብልህነት ነበር። አሁን ከተማው ውሃውን ከበበው፣ ቆሻሻ ገባበት፣ ባዕድ ዓሣ ተለቀቀበት። በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ይቆጠር ነበር፤ በ2014 የተገኘው 36 ብቻ ነው። መውጫ የሌለው እንስሳ ቤቱ ሲበላሽ የሚደርስበት ይህ ነው።

ሲለወጡ የሚገድላቸው ፈንገስ

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ቺትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ። ሳይንቲስቶች ያወቁት በ1998 ነው። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዚህ በሽታ ቢያንስ 501 ዝርያዎች ቁጥራቸው አሽቆልቁሏል፤ ከእነዚህም 90ው ሳይጠፉ አልቀሩም ተብሎ ይታመናል። አንድ በሽታ በአከርካሪ እንስሳት ላይ ይህን ያህል ጥፋት ሲያደርስ ከዚህ በፊት አልተመዘገበም።

የፈንገሱ አካሄድ ከለውጡ ጋር የተቆላለፈ ነው። ፈንገሱ የሚኖረው ኬራቲን ባለበት ቦታ ነው፤ የጥፍራችንና የፀጉራችን ፕሮቲን ማለት ነው። እጭ ኬራቲን ያለው አፉ ላይ ብቻ ነው፤ ቅድም ባነሳናቸው ጥርስ መሳይ ረድፎች ላይ። ስለዚህ ፈንገሱ አፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እጩ በደንብ ላይበላ ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም። በለውጡ ወቅት ኬራቲን በመላው ቆዳ ላይ ይወጣል። ፈንገሱም አብሮ ይዛመታል። እንቁራሪት በቆዳዋ ውሃ ትጠጣለች፣ ጨው ታመጣጥናለች፣ ትተነፍሳለች። ቆዳዋ ሲታመም ደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይወርዳል። በመጨረሻ ልቧ ይቆማል።

ይህ ተመራማሪን ሊያታልል የሚችል ነገር ነው። ኩሬው በእጭ ሞልቶ ታየዋለህ። ጤነኛ ይመስላል። ከወር በኋላ ስትመለስ ትንንሽ እንቁራሪቶች ዳር ላይ ሞተው ታገኛለህ፣ ወይም ምንም አታገኝም። «እጭ አለ፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው ድምዳሜ እዚህ ላይ አይሠራም። «አዋቂ አለ፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለውም እንዲሁ፤ እንቁራሪት ለዓመታት ልትኖር ትችላለች፣ ተተኪ ግን ላይኖራት ይችላል። ሁለቱንም ማየት ግድ ነው።

ፈንገሱ ባሌም ደርሷል። በ2013 የወጣ ጥናት ለአሥርት ዓመታት ከባሌ የተሰበሰበውን መረጃ ከአዲሱ ፍለጋ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቀድሞ በቀላሉ ይገኙ የነበሩ ብርቅዬ ዝርያዎች ጨርሶ ጠፍተዋል ወይም እጅግ አንሰዋል። የኦስጉድ ጓጉንቸር የሚባለውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ፈልገው አላገኙትም።

የባሌው ጉዳይ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እዚያ ያለው የእጭ ኑሮ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ነው። የኦስጉድ ጓጉንቸር እንቁላሉን የሚጥለው ዝናብ በሚያጠራቅመው ትንሽ ውሃ ውስጥ ነው። የቅርብ ዘመዱ የማልኮም ጓጉንቸር ግን ሌላ መንገድ መርጧል። ስሙን ያገኘው የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ለረጅም ዘመን ካጠናው ከማልኮም ላርገን ነው። የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ብርዱ በሚያንዘፈዝፍበት ቦታ ነው። ከአብዛኞቹ እንቁራሪቶች በተለየ እንቁላሉ በውጭ አይዳብርም፤ በሴቷ ሆድ ውስጥ ነው የሚዳብረው። ብዙ ሴቶች በአንድ ቦታ፣ እርጥብ ሣር ሥር ይጥላሉ። እጮቹ አይዋኙም። አይበሉምም። ከእንቁላሉ በያዙት አስኳል ብቻ፣ በእርጥበቱ ውስጥ ተኝተው ይለወጣሉ።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሄደ ታንዛኒያ ውስጥ አለ። የኪሃንሲ ጓጉንቸር እጭ የሚባል ነገር የለውም፤ እግር ያላቸውን ልጆች ይወልዳል። የሚኖረው በአንድ ፏፏቴ ርጭት ውስጥ ብቻ ነበር። በ2000 ግድብ ተሠርቶ ውሃው ሲቀየስ ርጭቱ ቆመ። በ2009 ከተፈጥሮ ቤቱ ጠፍቷል ተባለ። አሜሪካ ውስጥ በእንስሳት ማቆያ የተረፉት ተራብተው ከ2012 ጀምሮ ወደ ቦታው ተመልሰዋል።

ሀረና ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ከብት ያረባል፣ ቡና ይለቅማል። ከጥንት ጀምሮ የነበረ ኑሮ ነው፤ ሰዎቹን ተወቃሽ ማድረግ ልክ አይደለም። ግን ከብት ጅረት ውስጥ ገብቶ ሲጠጣ ዳርቻው ይረገጣል፣ ጭቃው ይነሳና ድንጋዩን ይሸፍናል። ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሲቆረጥ ውሃው ይሞቃል፣ ሣሩ ይደርቃል። ለከብቱ ከጅረቱ ራቅ አድርጎ ገንዳ መሥራት ከባድ ወጪ አይደለም። ዳርና ዳሩን ያለውን ዛፍ መተውም እንዲሁ። ቅርስ ነው ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ቢያንስ ይህ ይገባዋል።

ከእንቁራሪት ውጭ

በነገራችን ላይ ከነፍሳት ወገን ያለው ለውጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንበጣ እጭ የለውም። ኩብኩባው አንበጣውን ይመስላል፤ ክንፍ ብቻ ነው የሚጎድለው። ቆዳውን እየቀየረ ያድግና በመጨረሻው ክንፍ ያወጣል። ከ2019 እስከ 2021 ምሥራቅ አፍሪካን ያስጨነቀው የበረሃ አንበጣ አንድ ወር ገደማ መሬት ላይ በእግሩ ነበር የሚሄደው። በዚያ ጊዜ የት እንዳለ ካወቅህ ልትደርስበት ትችላለህ። ክንፍ ካወጣ በኋላ በአውሮፕላን ማባረር ነው የሚቀረው።

ተምች ግን ሙሉ ለውጥ ያለው ነው። ከእንቁላል እጭ፣ ከእጭ ደግሞ ፑፓ የሚባለው ደረጃ አለ፤ ሳይበላ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ተሸፍኖ ይቆይና የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል። በ2017 ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎውን የሚያወድመው በእጭነቱ ነው። ራቷ አበባ ትቀስማለች እንጂ በቆሎ አትበላም። እጩ ሲያድግ በቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ መርጨት ብዙም አይደርስበትም። ገበሬው በጠዋት ወጥቶ የእንቁላሉን ክምርና ጨቅላ እጮቹን በእጁ እየለቀመ መጨፍለቁ የኋላ ቀርነት ነገር አይደለም፤ ትክክለኛው ጊዜ ላይ መድረሱ ነው።

ፑፓ ውስጥ አብዛኛው ሰውነት ፈርሶ እንደገና ይሠራል። አእምሮም ጭምር ይታደሳል። ሆኖም በ2008 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አሳዩ። የትምባሆ ተክል አባጨጓሬዎችን አንድን ሽታ ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር አያይዘው አስተማሯቸው። ራት ከሆኑ በኋላም ያንን ሽታ ይሸሹ ነበር። በመጨረሻው የእጭነት ደረጃ ላይ የተማሩት ነገር ለውጡን ተሻግሮ አለፈ።

ባሕር ውስጥም ጠፍጣፋ ዓሦች አሉ። ሲፈለፈሉ እንደማንኛውም ዓሣ ዓይናቸው ግራና ቀኝ ነው። ሲለወጡ አንዱ ዓይን ራሳቸውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። የሚያዘውም ያው የታይሮይድ ሆርሞን ነው።

በርሜሉ ውስጥ ያለው

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን የእጭ ዕውቀት ግን የትንኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20፣ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የመድኃኒት መለማመዱ ሁሉ አለበት። ከምክንያቶቹ አንዱ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የሚባል መጤ ትንኝ ነው።

አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 ታየ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በለጠ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2016፣ ቀብሪደሃር ላይ ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ ሲቀሰቀስ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አጥንተው ከዚሁ ትንኝ ጋር አገናኙት።

ልዩነቱ ያለው አዋቂዋ ላይ ሳይሆን እጩ የሚኖርበት ቤት ላይ ነው። የለመድነው የወባ ትንኝ እንቁላሉን የሚጥለው በገጠር፣ ዝናብ ባቆረው ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ወባ የክረምት ማብቂያ በሽታ ነበር፣ የቆላ በሽታ ነበር። ስቴፈንሲ ግን የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ይወዳል። ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የሲሚንቶ ገንዳ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ እነዚህ ሁሌም ሙሉ ናቸው፤ በበጋ ደግሞ ይበልጡን። ዝናብ አይጠብቅም ማለት ነው።

በርሜላችሁን ስትከፍቱ ምን ትፈልጉ? እጩ ከአንድ ሳንቲሜትር በታች የሆነ ቀጭን ነገር ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ልክ ተጋድሞ ይተኛል። የተለመደው የቤት ትንኝ እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በመተንፈሻ ቱቦው ይንጠለጠላል። ጥላችሁ ሲያርፍበት ሁለቱም እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ትንሽ ብትታገሡ ለመተንፈስ ተመልሰው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ የምሰጋው አንድ ነገር አለ። ትንኝ ከውሃ ይፈለፈላል ሲባል «እንግዲያው ኩሬ ሁሉ ይደርቅ፣ ረግረግ ሁሉ ይጠፈፍ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስቴፈንሲን በዚህ አታገኘውም፤ እሱ ያለው ግቢያችን ውስጥ ነው። የተፈጥሮውን ኩሬ ስታደርቅ የምታጠፋው እንቁራሪቷን ነው። እጮቿ ከትንኝ እጮች ጋር ለምግብ ይሻማሉ፤ አዋቂዋ ትንኝ ትበላለች። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ኮስታሪካና ፓናማን አይቶ ነበር። ቺትሪድ ፈንገስ እንቁራሪቶቹን ባጠፋባቸው አካባቢዎች፣ በተከታዮቹ ዓመታት ወባ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በከፋው ጊዜ በዓመት ከ1,000 ሰው አንድ ያህል ተጨማሪ ሕመምተኛ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በአንድ ሚሊዮን ሰው ሲታሰብ ግን አንድ ሺህ ሕመምተኛ ነው።

በርሜልና ገንዳ ላይ የሚደረገው ሥራ ሌላ ነው፣ ቀላልም ነው። ክዳን ይኑረው፤ ክዳኑም ክፍተት አይኑረው፣ ካልሆነ ጥቅጥቅ ባለ መረብ ይሸፈን። ሊደፋ የማይችል ትልቅ ማጠራቀሚያ ሲሆን እጭ ገዳይ ይጨመርበታል። ከእነዚህ አንዱ በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የሚሠራው ነው። መርዙ የሚነቃው እጩ ሆድ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ በትክክለኛው መጠን ከተጨመረ ለሰው አያሰጋም። ይህን ግን የጤና ባለሙያዎች ናቸው የሚጨምሩት፤ ከገበያ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ውሃ ውስጥ የሚጨምር ሰው ካለ ቤተሰቡን መርዞ ነው የሚያርፈው።

ትንንሹን ዕቃ ደግሞ በሳምንት አንዴ መድፋት፣ ውስጡን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ ነው። ሳምንት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ በድሬዳዋ ሙቀት እንቁላል ትንኝ ሆኖ ለመብረር የሚፈጅበት ጊዜ ከሳምንት ብዙም አይበልጥም።